ከግራናይት የተገኘ አሸዋማ የተራራ አፈርን እንዴት መለየትና መያዝ ይቻላል?

የጂኦግራፊ ወይም የግብርና ደብተር የያዘ ተማሪ ከጎንደር ከተማ ወጣ ብሎ ተራራ ላይ ቢቆም ከደብተሩ ጋር መጣላቱ አይቀርም። ደብተሩ «የተራራ አፈር ስስ፣ አሸዋማና አሲዳማ ነው» ይላል። እግሩ ሥር ያለው አፈር ስስነቱስ እውነት ነው፤ ዝናብ ሲነካው ግን ጫማ ላይ የሚጣበቅ ጭቃ ይሆናል እንጂ አሸዋ አይደለም። ደብተሩም አልዋሸም። የሚያወራው ሥሩ ግራናይት ስለሆነ ተራራ ነው። የጎንደርና የስሜን ተራሮች ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ከፈሰሰ የእሳተ ገሞራ ቅላጭ የተሠሩ ናቸው፤ ድንጋያቸውም ባዛልት ነው። የፋሲል ግንብ የተካበው በዚሁ ድንጋይ ነው።

ልዩነቱ የፈተና ጥያቄ ብቻ ቢሆን ኖሮ ባለፍነው። ነገር ግን ለአንዱ የተጻፈ ምክር ለሌላው ጉዳት ነው፤ የግራናይት አፈር ውሃ እንዲገባለት ይፈልጋል፣ የባዛልት ዋልካ (የሚጣበቅ ከባድ ሸክላ አፈር) ደግሞ ውሃ እንዲወጣለት። ስለዚህ መሬት የተሰጠው፣ የተከራየ ወይም ለጥናት ወደ ሌላ ክልል የሚሄድ ሰው አፈሩን በእጁ፣ በአካፋና በባዶ ሃይላንድ እንዴት እንደሚለይ ከዚህ በታች በቅደም ተከተል ተጽፏል።

ደረጃ 1፦ ከአፈሩ በፊት ድንጋዩን ስበሩ

መሬቱ ላይ ከተበተነው ድንጋይ አንዱን አንሱና በመዶሻ ስበሩት። ላዩ በፀሐይና በዝናብ ስለሚቀየር ያታልላል፤ መታየት ያለበት አዲስ የተሰበረው ፊት ነው። ግራናይት ከሆነ ቅንጣቶቹ በዓይን ይለያያሉ፦ መስታወት የሚመስለው ግራጫ ኳርትዝ፣ ነጭ ወይም ሮዝ የሆነው ፌልድስፓር፣ ብልጭ ብልጭ የሚለው ሚካ። ባዛልት ከሆነ ፊቱ በአብዛኛው ጥቁር ወይም ጥቁር ግራጫ ነው፤ ቅንጣቱም እጅግ ደቃቅ ስለሆነ አንዱን ከሌላው በዓይን መለየት ያስቸግራል።

ጎንደር ውስጥ ግራናይት በብዛት የምናየው ደረጃና የኩሽና ጠረጴዛ ላይ ተለብጦ ነው። ለልምምድ ጥሩ ነው፤ ነጭና ሮዝ ፍንጣቂ ያለበትን ምረጡ። ገበያ ላይ «ጥቁር ግራናይት» እየተባለ የሚሸጠው በጂኦሎጂ ዓይን ብዙውን ጊዜ ግራናይት ሳይሆን እንደ ጋብሮ ያለ ሌላ ድንጋይ ነው። በነገራችን ላይ የአክሱም ሐውልቶችም ግራናይት ሲባሉ ይሰማል፤ እነሱ ኔፍሊን ሳይናይት የሚባል፣ ኳርትዝ የሌለው ድንጋይ ናቸው።

ኳርትዙ ላይ ያተኮርኩት አሸዋውን የሚያመጣው እሱ ስለሆነ ነው። ዝናብና ሙቀት የግራናይቱን ፌልድስፓር ቀስ በቀስ ወደ ሸክላ ይለውጡታል፤ ሚካውም ይላላል፤ ኳርትዙ ግን ምንም አይሆንም። ጎረቤቶቹ ሲከዱት ብቻውን ይረግፋል። ባዛልት ውስጥ ኳርትዝ የለም ማለት ይቻላል። ብረት፣ ማግኒዥየምና ካልሲየም የበዛባቸው ማዕድናቱ በጊዜ ብዛት ስለሚበሰብሱ መጨረሻቸው ሸክላ ነው። የደንቢያ ሜዳ ዋልካ ከዚህ የመጣ ነው።

በአገራችን የግራናይት አፈር ማየት የፈለገ ወደ ትግራይ፣ ወደ ወለጋ፣ ወደ ቦረና ወይም ወደ ሐረር አቅጣጫ ቢሄድ ያገኛል። ባቢሌ አጠገብ ሰው እየቆለለ ያስቀመጣቸው የሚመስሉት ክብ ክብ ቋጥኞች ግራናይት ናቸው። ባቢሌ በለውዟ የታወቀችውም ያለ ምክንያት አይደለም፤ ለውዝ ፍሬውን መሬት ውስጥ ስለሚሠራ ልል አሸዋማ አፈር ይስማማዋል፤ ሲነቀልም ፍሬው አፈር ውስጥ አይቀርም።

ደረጃ 2፦ ጉድጓድ ቆፍሩና ግድግዳውን አንብቡ

እስከ ጉልበት የሚደርስ፣ አንዱ ግድግዳው ቀጥ ያለ ጉድጓድ ይበቃል። በግራናይት ተራራ ላይ ከላይ ቀጠን ያለ ጠቆር ያለ ንብርብር ታያላችሁ፤ ከሥሩ የገረጣ ወይም ቀላ ያለ አሸዋማ አፈር ይከተላል፤ ከዚያ በታች ደግሞ ዋናው መለያ ይመጣል፦ የበሰበሰ አለት። መልኩ አሁንም ድንጋይ ነው፤ ነጩ፣ ሮዙና ሚካው በየቦታው ተቀምጠው ይታያሉ። በጣት ስትጫኑት ግን ወደ ሻካራ ጠጠርና አሸዋ ይፈርሳል።

ይህ የበሰበሰ ክፍል ከአፈሩ ይልቅ ብዙ ጊዜ እጥፍ ድርብ ጥልቀት አለው፤ አንዳንድ ቦታ ብዙ ሜትር ይወርዳል። የዛፍ ሥር በስንጥቁ እየተከተለ ይገባበታል፤ ወደ ውስጥ የሰረገው ዝናብም ጠንካራው አለት ላይ ሲደርስ ቆሞ ወደ ጎን ይሄዳል። የግራናይት ተራራ ግርጌ ላይ ምንጭ የሚገኘው፣ የእጅ ጉድጓድም ውሃ የሚሰጠው በአብዛኛው በዚህ ምክንያት ነው።

አንድ ጉድጓድ ብቻ ቆፍራችሁ ስለ ተራራው ሁሉ አትናገሩ። ዝናብ ደቃቁን ሸክላ ወደ ታች ስለሚያጥበው ከላይ ሻካራ አሸዋ፣ ከግርጌ ደግሞ ጠቆር ያለ ከባድ አፈር ማግኘት የተለመደ ነው። ቢያንስ ከላይ፣ ከመሐልና ከታች ቆፍሩ።

ደረጃ 3፦ እሹት፤ ግን ለፍርድ አትቸኩሉ

ከጉድጓዱ መሐል እፍኝ የማይሞላ አፈር ውሰዱ፣ ጠጠሩን ልቀሙ፣ ጥቂት በጥቂት ውሃ ጠብ እያደረጋችሁ እሹት። አሸዋማ ከሆነ ጣት ላይ ይከረክራል፤ ጆሮ አጠገብ ብታሹት ይሰማል፤ ድቡልቡል ቢሆን እንኳ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መሐል ስትገፉት ሁለት ሳንቲ ሜትር ሳይሞላ ይበጠሳል። ዋልካ ግን እንደ ሪባን ከአምስት ሳንቲ ሜትር በላይ ሳይበጠስ ይወጣል፤ ጣትንም ይይዛል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው በቀይ አፈር ነው። ከባዛልት የተገኘ ቀይ አፈር ውስጥ ያለውን ሸክላ የብረት ኦክሳይድ አጣብቆ ትናንሽ ቅንጣት ያደርገዋል፤ መጀመሪያ ሲነኩት አሸዋ ነው ብሎ ለመማል ያስደፍራል። አምስት ደቂቃ ያህል ሳትሰለቹ ብታሹት ቅንጣቱ ይፈርስና መለስለስ፣ መጣበቅ ይጀምራል። የኳርትዝ አሸዋ ግን እስኪመሽ ቢታሽ ያው ነው። ከፍ ባሉት የስሜን ቦታዎችም ጥቁር፣ ቀላልና ቡን የሚል አፈር አለ። እሱም ከእሳተ ገሞራ ድንጋይና ከብስባሽ የተሠራ እንጂ አሸዋ አይደለም።

ደረጃ 4፦ የሃይላንድ ሙከራ

እጃችሁን ካላመናችሁ ግልጽ ሃይላንድ ውሰዱ። ደረቅ አፈር በወንፊት ነፍታችሁ እስከ ሲሶው ሙሉት፤ ውሃ ጨምሩበት፤ ቅንጣቶቹ እንዲላቀቁ አንድ የሻይ ማንኪያ የልብስ ሳሙና ዱቄት ጣል አድርጉ። ክዳኑን ዘግታችሁ አምስት ደቂቃ ያህል በደንብ ከነቀነቃችሁ በኋላ ደልዳላ ቦታ አስቀምጡትና አትንኩት።

በአንድ ደቂቃ ውስጥ የዘቀጠው አሸዋ ነው፤ ከፍታውን በእስክሪብቶ ምልክት አድርጉ። ሁለት ሰዓት ቆይታችሁ ሁለተኛ ምልክት አድርጉ፤ በሁለቱ መሐል ያለው ደቃቅ ደለል ነው። ሸክላው ለመውረድ ቀን፣ ሁለት ቀን፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይፈልጋል። ሁሉም ዘቅጦ አጠቃላይ ከፍታው 10 ሳንቲ ሜትር ቢሆንና አሸዋው 7 ቢይዝ አፈሩ 70 በመቶ ገደማ አሸዋ ነው ማለት ነው። ልኩ ግምታዊ ነው፤ ግራናይትን ከዋልካ ለመለየት ግን ከበቂ በላይ ነው። ዋልካ ከ30 በመቶ በላይ፣ ብዙ ጊዜም ከግማሽ በላይ ሸክላ ስለሆነ ውሃው ለቀናት ሳይጠራ ይቆያል። በክረምት የጎንደር ወንዞች ቀሃና አንገረብ ቡናማ ሆነው የሚወርዱትም በውስጣቸው የተንሳፈፈው ደቃቅ አፈር ስለማይዘቅጥ ነው።

ደረጃ 5፦ ውሃ አፍስሱና ሰዓት ያዙ

የወተት ዱቄት ጣሳ ሁለቱንም ጫፍ ቆርጣችሁ አምስት ሳንቲ ሜትር ያህል መሬት ውስጥ አስገቡት። መጀመሪያ መሬቱን አርሱት፤ ደረቅና የተሰነጠቀ ዋልካ በስንጥቁ ውሃ ስለሚውጥ ያሳስታል። ቀጥሎ ውሃ ሙሉና በስልካችሁ ሰዓት ያዙ። ደጋግሞ ከተሞላ በኋላ አሸዋ በሰዓት ከ30 ሚሊ ሜትር በላይ ያስገባል፤ ሸክላ ግን ከ1 እስከ 5 ሚሊ ሜትር ብቻ።

ቶሎ ያስገባል ማለት ብዙ ይይዛል ማለት አይደለም። ለተክል የሚደርሰው ውሃ በአሸዋ ውስጥ በአንድ ሜትር ጥልቀት ከ25 እስከ 100 ሚሊ ሜትር፣ በሸክላ ከ175 እስከ 250 ሚሊ ሜትር ነው። ሂሳቡን እንሥራው፦ አሸዋማው አፈር በሜትር 80 ቢይዝና የሰብሉ ሥር 40 ሳንቲ ሜትር ቢወርድ፣ ያለው ውሃ 32 ሚሊ ሜትር ነው። ሰብሉ በቀን 5 ሚሊ ሜትር ቢጠጣ ከስድስት ቀን ብዙም አይዘልም፤ ግማሹ ሲያልቅ ደግሞ መጎዳት ይጀምራል። ያውም ሦስት ቀን ነው። መስከረም ላይ ዝናብ ለአንድ ሳምንት ቢያቋርጥ የዋልካው ማሳ ምንም ሳይመስለው የአሸዋው የሚጠወልገው ለዚህ ነው።

ደረጃ 6፦ አሲዳማነቱን አስለኩ

ይህን በእጅ ማወቅ አይቻልም፤ ናሙና ይዛችሁ ወደ ግብርና ባለሙያ ሂዱ። ግራናይት ከመነሻው ካልሲየምና ማግኒዥየም ያንሰዋል፤ ያለውንም ዝናብ አጥቦ ይወስደዋል። የአሲዳማነት መለኪያው ፒኤች (ሲያንስ አሲዱ ይበዛል) ከ5.5 በታች ከወረደ አሉሚኒየም እየሟሟ የሰብሉን ሥር ያቀጭጫል፤ መድኃኒቱ ኖራ ነው። አሸዋማ አፈር ከሸክላ ያነሰ ኖራ ይበቃዋል፤ ነገር ግን ቶሎ ስለሚታጠብ ቶሎ ቶሎ ይደገምለታል። ዝናብ የበዛበት የባዛልት ደጋም አሲዳማ ሊሆን ስለሚችል በዚህ ብቻ ድንጋዩን መለየት አይቻልም።

ደረጃ 7፦ አያያዙ

አፈሩ በእርግጥ ከግራናይት የመጣ አሸዋ ከሆነ ዋናው ሥራ ብስባሽ መጨመር ነው። ሸክላው ትንሽ ስለሆነ ውሃውንም ማዳበሪያውንም የሚይዝለት ብስባሹ ነው። በአሸዋ ውስጥ ብስባሽ ቶሎ ስለሚያልቅ በየዓመቱ ጥቂት ጥቂት መጨመር አንዴ ከምሮ ከመርሳት ይሻላል። እዚህ ላይ ችግሩ የእውቀት አይደለም፤ ፍጉ ኩበት ሆኖ ይነዳል፣ ገለባውን ከብት ይበላዋል፣ ለመሬቱ የሚተርፍ የለም። ቢያንስ አመዱ ወደ ማሳው ይመለስ፤ ፖታሲየም ይሰጣል፣ አሲዱንም በመጠኑ ያበርዳል። ከዩሪያ ጋር ግን አንድ ላይ አትጨምሩት፤ ናይትሮጅኑ ተኖ ይጠፋል።

ዩሪያውንም በአንድ ጊዜ አትስጡ። አንድ ከባድ ዝናብ ከሥር በታች ያወርደዋልና ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ከፋፍሉት። በሰብል በኩል ለውዝ፣ ድንች፣ ዳጉሳና ግብጦ ይስማሙታል። ግብጦ አሲዳማና ደካማ መሬትን የሚችል ከመሆኑም በላይ ናይትሮጅን ከአየር ይወስዳል።

እርከን ላይ ሲደርስ ሁለቱ አፈሮች ፈጽሞ ይለያያሉ። በአሸዋው ላይ እርከኑ የከፍታ መስመሩን ተከትሎ ደልዳላ ይሁን፤ ውሃው ቆሞ ይስረግ። ዋልካ ላይ እንዲህ ቢሠራ ውሃው ተጠራቅሞ ካቡን ይጥሳል፤ እዚያ እርከኑ በጥቂቱ ያዘነበለና መውጫ ያለው፣ ማሳውም ፈሰስ የተቀደደለት መሆን አለበት።

የበሰበሰው አለት የተገለጠበት ቦታ ካለ በመጀመሪያው ክረምት ይደረስለት። ላዩን የያዘው ሥርና ሣር ከተነሳ ጎርፍ በቀላሉ ይቦረቡረዋል። የላይኛውን ውሃ በቦይ አዙሩ፣ ቦረቦሩን ከአናቱ ጀምራችሁ በድንጋይ ክትር ዝጉ፣ በክትሮቹ መሐል ሣር ትከሉ፤ ከብትም አይግባበት።