ፋይል ኮፒ ሲደረግ ከ11 ሜጋባይት ፈቀቅ አልል ሲል

ጅማ ውስጥ የሰርግ ቪዲዮ የሚሰሩም ባነር የሚያትሙም ልጆች አንድ አይነት ጥያቄ ነው የሚጠይቁኝ፣ ከዚህኛው ኮምፒውተር ወደዛኛው ፋይል ስንልክ ሰአት ይፈጃል፣ የኢንተርኔት ፓኬጃችንን እናሳድገው ወይ? ኧረ አታሳድጉ! እዛው ቢሮ ውስጥ ከኮምፒውተር ኮምፒውተር የሚሄድ ፋይል ኢንተርኔቱን አይነካውም፣ ኢንተርኔቱ ጭራሽ ጠፍቶም ይሄዳል። ብር ከማውጣታችሁ በፊት አንድ ትልቅ ፋይል ኮፒ አድርጉና ዊንዶውስ የሚያሳየውን ፍጥነት እዩ፣ ችግሩ የት እንዳለ ቁጥሩ ራሱ ይናገራል።

11 ላይ ቀጥ ብሎ ከቆመ

በብዛት የሚያጋጥመኝ ይሄ ነው። መስመሩ በጊጋቢት፣ ማለትም በ1000 ሜጋቢት፣ መሄድ ሲገባው በ100 ሜጋቢት እየሄደ ነው ማለት ነው፣ ስምንት ቢት አንድ ባይት ስለሆነ 100 ለ8 ሲካፈል በሴኮንድ 12.5 ሜጋባይት፣ ከሷም ትንሽ ተቀንሶ 11 ምናምን ትቀራለች። 60 ጊጋ የሰርግ ቪዲዮ በዚህ አካሄድ አንድ ሰአት ተኩል ይፈጃል፣ በጊጋቢት ግን 110 አካባቢ ስለሚሄድ ከ10 ደቂቃ በታች ያልቃል። ሴቲንግ ውስጥ ኢተርኔት (Ethernet፣ የኬብሉ መስመር) ገብታችሁ ሊንክ ስፒድ የሚለውን በሁለቱም ኮምፒውተር እዩ፣ 1000 ያላለው ጋ ነው ችግሩ።

መጀመሪያ መሀል ያለውን እቃ ጠርጥሩ። ብዙ ቢሮ ኮምፒውተሮቹን በሙሉ ከኢንተርኔቱ ጋር የመጣው ራውተር ላይ ይሰካል፣ ፖርቱ 100 ብቻ የሆነ ራውተር ደግሞ ሞልቷል። ጊጋቢት ስዊች (የኔትዎርክ ኬብሎች የሚሰኩበት ማከፋፈያ) ገዝታችሁ ኮምፒውተሮቹን እሱ ላይ ሰኩ፣ ወደ ራውተሩ አንድ ኬብል ብቻ ይሂድ። ካርቶኑ ላይ 10/100/1000 የሚል መሆኑን ሳታነቡ ግን እንዳትከፍሉ።

ስዊቹ ጊጋቢት ሆኖም 100 ካለ ኬብሉን እዩ። 100 ሜጋቢት ከስምንቱ ሽቦ አራቱ ይበቃዋል፣ ጊጋቢት ግን ስምንቱንም ይፈልጋል፣ ስለዚህ አንዷ ሰማያዊ ወይ ቡናማ ሽቦ ብትቋረጥ ኢንተርኔቱ ይሰራል ፕሪንተሩም ይሰራል፣ ማንም አይጠረጥርም። ፈረንጅ አራዳ አካባቢ አንድ ስቱዲዮ በዚህ ምክንያት ስዊች ሁለቴ ቀይረዋል፣ ጃኩን (ኬብሉ ጫፍ ላይ ያለችውን መሰኪያ) ነቅዬ በስልክ መብራት ሳየው ቡናማዋ ሽቦ ከሌሎቹ አጥራ ጫፉ ጋ አልደረሰችም፣ ቆርጬ አዲስ ጃክ ክሪምፕ ሳደርግ ወዲያው 1000 አለ። ከጣራ ስር በውጭ ዞሮ ሌላ ክፍል የሚገባ ኬብል ያላችሁ ደግሞ በተለይ እዩት፣ የጅማን ዝናብ ታውቁታላችሁ፣ የጃኩ ጥርስ አረንጓዴ ዝገት ይዞ ነው የምታገኙት። ኬብል ስትገዙ ካት 5ኢ ወይ ካት 6 ሆኖ ሙሉ መዳብ ይሁን፣ ውስጡ አሉሚኒየም የሆነው ርካሽ ነው ግን ሲታጠፍ ቶሎ ይሰበራል።

30 ወይ 40 ላይ ከሆነ

ወይ ላፕቶፑ በዋይፋይ ነው፣ ወይ ኤክስተርናል ሃርድ ዲስኩ ዩኤስቢ 2 ላይ ተሰክቷል። ለመጀመሪያው ኬብል ሰኩለት፣ ለሁለተኛው የዩኤስቢ 3 ቀዳዳ፣ ብዙ ጊዜ ሰማያዊ የሆነችውን፣ ተጠቀሙ።

በ110 ጀምሮ ከወረደ

ኔትዎርኩ ደህና ነው፣ መጀመሪያ ፈጥኖ የሄደው የተቀባዩ ኮምፒውተር ራም ስለያዘው ነው፣ ከዛ ዲስኩ መጻፍ አቃተው። ዲስኩ ከሞላ አራግፉት፣ አሮጌ ሃርድ ዲስክ ከሆነ በኤስኤስዲ ቀይሩት፣ እዛው ዲስክ ላይ ኤዲት እያደረጋችሁም ኮፒ አታድርጉ። ቪዲዮው ፈጥኖ ሺዎች ፎቶ ሲሆን ብቻ የሚንቀራፈፍ ከሆነ ግን በትናንሽ ፋይሎች ብዛት ነው፣ በ7 ዚፕ ሳትጨምቁ ስቶር በሚለው አንድ ፋይል አድርጋችሁ ላኩት።

መሀል ላይ ከተቋረጠ

የፍላሹ ፎርማት ፋት 32 (FAT32) ከሆነ ከ4 ጊጋ በላይ የሆነ ፋይል አይቀበልም፣ ኤክስፋት (exFAT) አድርጋችሁ ፎርማት አድርጉት፣ ውስጡ ያለውን ግን መጀመሪያ አውጡ። ላፕቶፑ ስሊፕ እየገባም ሊሆን ይችላል። መብራት ጠፍቶ ከሆነ ደግሞ ኮምፒውተሩን ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ የሚያቆየው ባትሪ) ላይ አድርጎ ስዊቹን ግድግዳ ላይ የሚተው ብዙ ነው፣ ኮምፒውተሮቹ በርተው መስመሩ ይሞታል። ስዊች የምትበላው መብራት ትንሽ ናት፣ ዩፒኤሱ ላይ አንድ ቀዳዳ ስጧት።