የኮሌጅ ፉትቦል ኦፌንሲቭ ላይን ለሩጫ መንገድ መክፈት ለምን ያቅተዋል? ሊወገዱ የሚገቡ ስህተቶች

አንድ ቡድን 10 ያርድ ለመሄድ አራት ሙከራ አለው። ይህ ሦስተኛው ሙከራ ነው፤ የቀረው አንድ ያርድ ብቻ። ኳሱ ይዞት ለሚሮጠው ተጫዋች፣ ለራኒንግ ባኩ ይሰጠዋል። ገና አንድ እርምጃ ሳይራመድ ሦስት ተከላካዮች ይከመሩበታል። ስታዲየሙ ያጉረመርማል፤ "እነዚህ ልጆች ጉልበት የላቸውም" ይባላል። ቅዳሜ ቅዳሜ የአሜሪካን ኮሌጅ ፉትቦል የሚከታተል ሰው ይህን ደጋግሞ አይቶታል።

እኔ በዚህ ፍርድ አልስማማም። በትልልቆቹ ኮሌጆች መስመር ላይ የሚቆሙት ልጆች አብዛኞቹ ከ135 ኪሎ በላይ ይመዝናሉ፤ የሚያነሱት ብረትም ያስደነግጣል። ጉልበት ሞልቷቸዋል። የሚጎድላቸው ብዙ ጊዜ እርምጃ፣ ዓይን እና መናበብ ነው። እነዚህ ደግሞ ሊታረሙ የሚችሉ ነገሮች ናቸው።

ለጨዋታው አዲስ ለሆናችሁ ባጭሩ ልንገራችሁ። ኦፌንሲቭ ላይን አምስት ሰው ነው፤ እያንዳንዱ ላይንማን ይባላል። መሃል ላይ ኳሱን ወደ ኋላ የሚሰጠው ሴንተር አለ፤ በግራና በቀኙ ሁለት ጋርዶች፣ ከእነሱ ቀጥሎ ሁለት ታክሎች። ፓስ ሲሆን ኳሱን የሚወረውረውን ኳርተርባክ ይጠብቃሉ። ሩጫ ሲሆን ፊታቸው ያለውን ተከላካይ ገፍተው ለኳስ ተሸካሚው መንገድ ይከፍታሉ። ሥራውን ከባድ የሚያደርገው አራቱ አሸንፈው አንዱ ከተሸነፈ ጨዋታው ፉርሽ መሆኑ ነው።

ቀና ብሎ መነሳት

በጣም የተለመደው ስህተት ይህ ነው። ኳሱ እንደተነሳ ላይንማኑ ወደ ፊት ከመሄዱ በፊት ወደ ላይ ይነሳል። ደረቱ ይጋለጣል፤ ተከላካዩ ከሥሩ ይገባና ያነሳዋል። በዚህ ቦታ ትከሻውን ዝቅ ያደረገ ሰው ሁልጊዜ የበላይ ነው።

ዝቅ ማለት ሲባል ግን ወገብን ማጠፍ የሚመስላቸው አሉ። ወገቡን ያጠፈ ሰው ከሩቅ ዝቅ ያለ ይመስላል፤ ጉልበቱ ግን ቀጥ ብሏል፣ ክብደቱም በሙሉ ወደ ፊት ወድቋል። ተከላካዩ ወደ ጎን ሳብ ካደረገው በአፍጢሙ ይደፋል። መታጠፍ ያለበት ጉልበትና ዳሌ ነው፤ ጀርባ ቀጥ፣ ዓይን ወደ ፊት።

ችግሩ ብዙ ጊዜ ከሀይስኩል ይዘውት የሚመጡት ነው። ዛሬ ብዙ የሀይስኩል ቡድኖች ፓስ ያበዛሉ፤ ልጆቹም ቆመው ወደ ኋላ እያፈገፈጉ መጠበቅን ለምደዋል። እጃቸውን መሬት አስነክተው ወደ ፊት መፈንዳት አዲስ ይሆንባቸዋል። አሰልጣኞች ለዚህ የቆየ መድኃኒት አላቸው፦ ዝቅ ያለ የብረት ጣሪያ ሥር አሰልፈው እንዲነሱ ማድረግ። ቀና ያለ ራሱን ይመታል። ልጃችሁ የሀይስኩል ቡድን ውስጥ ከሆነና ልምምዱ ላይ ይህን ብረት ካያችሁ፣ አሰልጣኙ ሥራውን የሚያውቅ ነው።

ረጅም የመጀመሪያ እርምጃ

ቶሎ ለመድረስ ሲባል ትልቅ እርምጃ ይወሰዳል። ነገር ግን አንድ እግር አየር ላይ እያለ የተገፋ ሰው፣ 140 ኪሎም ቢመዝን ይወድቃል። ጥሩ ላይንማን የመጀመሪያ እርምጃው አጭር ናት፤ 15 ሴንቲ ሜትር አካባቢ። ዋናው ነገር ሁለተኛው እግር ነው። ከተከላካዩ ጋር ከመጋጨቱ በፊት ሁለተኛው እግር መሬት መንካት አለበት።

አቅጣጫም አለ። ሩጫው ወደ ቀኝ ከሆነ የመጀመሪያው እርምጃ ቀጥታ ወደ ፊት ከሄደ፣ ተከላካዩ በቀኝ በኩል ቀድሞ ያልፋል። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ማሳደድ ነው፤ ማሳደድ ደግሞ ወደ ሆልዲንግ፣ ማለትም ተከላካይን በእጅ ይዞ ወደ ማስቀረት ጥፋት ይወስዳል።

እጅን ከውጭ ማድረግ

እጅ ከተከላካዩ ትከሻ ውጭ ካረፈ ዳኛው ያየዋል፤ ማሊያ ሲጎተትም ይታያል። ቅጣቱ 10 ያርድ ነው። አንደኛ ሙከራና 10 ያርድ የነበረው አንደኛ ሙከራና 20 ያርድ ይሆናል፤ አሰልጣኙም ሩጫውን ትቶ ለመወርወር ይገደዳል። ክርን ወደ ውስጥ፣ አውራ ጣት ወደ ላይ፣ መዳፍ ደረት ላይ። እጁን እዚያ ያሳረፈ ሰው ተከላካዩን ቢይዘውም እንኳ ብዙ ጊዜ አይቀጣም።

ከተጋጩ በኋላ እግር ማቆም

ግጭቱን ያሸነፈ ላይንማን ሥራው ያለቀ ይመስለዋል። ይቆማል፣ ይደገፋል። ተከላካዩ ትንፋሽ ይሰበስብና ይላቀቃል። ፊሽካ እስኪነፋ እግር መንቀሳቀስ አለበት፤ በአጫጭር ፈጣን እርምጃ። ይህ ከችሎታ ይልቅ የልምድ ጉዳይ ነው።

ሁለት ለአንድ ሲይዙ ቶሎ መለያየት

በኔ ግምት የኮሌጅ ሩጫ በብዛት የሚሞተው እዚህ ጋ ነው። ስለዚህ ትንሽ ልቆይበት።

በቀኝ ጋርዱና በቀኝ ታክሉ ፊት አንድ ግዙፍ ዲፌንሲቭ ታክል (የተከላካዮቹ መስመር መሃል ላይ የሚቆም ተጫዋች) ቆሟል እንበል። ከእሱ ኋላ አራት አምስት ያርድ ርቆ ላይንባከር የሚባል ሌላ ተከላካይ አለ። ሁለቱ ሰዎች ሁለቱንም ተከላካዮች መያዝ አለባቸው፤ መጀመሪያ ግን አብረው ግዙፉን ይገፉታል። ዳሌ ለዳሌ ተጣብቀው፣ ትከሻቸውን አንድ አድርገው። ግባቸው ሰውየውን ወደ ኋላ ገፍተው ላይንባከሩ እግር ሥር መጣል ነው። እጃቸው ግዙፉ ላይ፣ ዓይናቸው ግን ላይንባከሩ ላይ። ላይንባከሩ በጋርዱ በኩል ከመጣ ጋርዱ ይላቀቅና ይይዘዋል፤ ታክሉ ግዙፉን ብቻውን ይረከባል። በታክሉ በኩል ከመጣ ደግሞ በተቃራኒው።

አሁን ስህተቱን ተመልከቱ። ጋርዱ ላይንባከሩ እንዳያመልጠው ይሰጋል። ግዙፉን በአንድ እጁ ነካ አድርጎ ይሮጣል። ታክሉ ገና ቦታውን አልያዘም፤ ሰውነቱ ከግዙፉ ውጭ ነው። ግዙፉ በመሃላቸው ሰንጥቆ ይገባና ራኒንግ ባኩን ኳስ በተቀበለበት ቦታ ይይዘዋል። ሁለት ያርድ ተከሰረ።

ቴሌቪዥን ላይ የሚታየው ታክሉ መሸነፉ ነው። ስድቡን የሚቀበለውም እሱ ነው። ጥፋቱ ግን የጋርዱ ነበር፤ ግማሽ ሰከንድ ቸኩሏል።

መፍትሄው ትዕግሥት ነው። ላይንባከሩ ራሱ ወደ መስመሩ ይመጣል፤ ሄዶ መፈለግ አያስፈልግም። አምስት ያርድ የተገፋ ዲፌንሲቭ ታክል ላይንባከሩንም መንገድ ይዘጋበታል። አንድ ማስጠንቀቂያ ግን አለ፦ በጣም የቆየም ይሸነፋል። ሁለቱም ግዙፉ ላይ ከተጣበቁ ላይንባከሩ ነፃ ሆኖ ይመጣል። ይህን ሰዓት የሚያስተምረው አብሮ መለማመድ ብቻ ነው።

ማን ማንን እንደሚይዝ ሳይነጋገሩ መነሳት

ከስናፕ በፊት፣ ማለትም ኳሱ ወደ ኋላ ከመሰጠቱ በፊት፣ ሴንተሩ እጁን እየጠቆመ ሲጮህ አይታችሁ ይሆናል። የተከላካዮቹን አሰላለፍ አንብቦ ማን ማንን እንደሚይዝ እየተናገረ ነው። ተከላካዮች ይህን ስለሚያውቁ በመጨረሻው ሰከንድ ቦታ ይቀያየራሉ። አንድ ሰው ጥሪውን ካልሰማ ሁለት ላይንማኖች አንድ ሰው ይይዛሉ፤ አንድ ተከላካይ ደግሞ ማንም ሳይነካው ያልፋል።

ከሜዳ ውጭ ሲጫወቱ ነገሩ ይብሳል። የፔን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ቢቨር ስታዲየም ወይም የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ስታዲየም ከ100,000 በላይ ተመልካች ይይዛል። እዚያ ውስጥ አጠገብ ያለ ሰው እንኳ አይሰማም። ስለዚህ የእጅ ምልክት በልምምድ ላይ በጩኸት መሃል መለማመድ አለበት። ይህን ያልሠራ ቡድን መጀመሪያ በፎልስ ስታርት (ከኳሱ ቀድሞ በመንቀሳቀስ) አምስት አምስት ያርድ ይቀጣል፤ ከዚያ ልጆቹ ፈርተው ዘግይተው ይነሳሉ። ዘግይቶ የተነሳ ላይንማን ማንንም አይገፋም።

የአጨዋወት ዓይነት ማብዛት

ይህ የአሰልጣኞች ስህተት ነው። ኢንሳይድ ዞን፣ አውትሳይድ ዞን፣ ፓወር፣ ካውንተር የሚባሉ የሩጫ ዓይነቶች፣ ሌላም ሌላም በአንድ ሳምንት ይጨመራሉ። ዞን ሁሉም ወደ አንድ ጎን ተራምዶ በሚደርስበት ቦታ ያለውን ሰው መያዝ ነው። ፓወር ደግሞ ጋርድ ከቦታው ተነስቶ ወደ ሌላኛው ጎን ሄዶ እንዲመታ ይጠይቃል። እርምጃቸው ይለያያል፣ ዓይናቸውም የሚያየው ይለያያል።

በውድድር ወቅት የኮሌጅ ተጫዋች በሳምንት ከ20 ሰዓት በላይ ይፋዊ ልምምድ እንዳያደርግ የኮሌጅ ስፖርትን የሚያስተዳድረው የኤንሲኤኤ ደንብ ይከለክላል። ከዚያ ውስጥ ፓስ አለ፣ ቪዲዮ አለ፣ ጂም አለ። ለሩጫ የሚተርፈው ጊዜ ትንሽ ነው። ስምንት ዓይነት ሩጫ በግማሽ ከማወቅ ሁለቱን አጥርቶ ማወቅ ይሻላል። የአይዋ ዩኒቨርሲቲን ተመልከቱ። ከ1999 ጀምሮ ዋና አሰልጣኝ የሆነው ከርክ ፈረንዝ አውትሳይድ ዞንን ዓመት ከዓመት ይለማመዳል። ተጋጣሚው ሁሉ ያውቀዋል፤ ያም ሆኖ ይሠራል። የ2016ቱ ጆ ሙር ሽልማት፣ ማለትም ለአገሪቱ ምርጥ ኦፌንሲቭ ላይን የሚሰጠው፣ የተሰጠው ለአይዋ ነበር። ጆ ሙር ራሱ ፈረንዝን በሀይስኩል ያሰለጠነው ሰው ነው።

በኪሎ መመረጥ

ትልቅ ሰውነት ይጠቅማል፤ አልክድም። ኪሎ ብቻ እያዩ መመልመል ግን ቀርፋፋ መስመር ያመጣል። የአይዋው ሴንተር ታይለር ሊንደርባም በኮሌጅ 132 ኪሎ አካባቢ ነበር፤ ለቦታው ቀላል የሚባል። ዩኒቨርሲቲው ሲገባም የመከላከያ መስመር ተጫዋች ነበር። በ2021 የአገሪቱ ምርጥ ሴንተር ተብሎ የሪሚንግተን ዋንጫን ወሰደ፤ በ2022 በኤንኤፍኤል ድራፍት (የፕሮፌሽናል ሊጉ የአዲስ ተጫዋቾች ምርጫ) በመጀመሪያው ዙር ተመረጠ። ሚስጥሩ እግሩ ነበር፦ ተከላካዩ ከመንቀሳቀሱ በፊት እሱ ቦታው ላይ ይደርሳል።

የአሜሪካ ጦር አካዳሚ የዌስት ፖይንት ቡድን፣ አርሚ ደግሞ አለ። ተጫዋቾቹ ሲመረቁ መኮንን የሚሆኑ ናቸው፤ የውትድርናውን የክብደት መስፈርት ማሟላት አለባቸው። በ2024 የጆ ሙር ሽልማትን የወሰደው የእነሱ መስመር ነው። ዝቅ ብለው፣ በፍጥነት ተነስተው፣ አብረው መሥራትን ከማንም በላይ አውቀው።

ሒሳቡ በማይወጣበት ቦታ መሮጥ

አምስት ላይንማንና አንድ ታይት ኤንድ (ከታክሉ ቀጥሎ ቆሞ የሚያግዝ ተጫዋች) ስድስት ናቸው። ተከላካዩ መሃል ላይ ሰባት ሰው ካቆመ አንዱ ነፃ ነው። የዓለም ምርጥ ላይንማን ቢኖር እንኳ ሁለት ሰው በአንድ ጊዜ አይይዝም። እዚህ ላይ ደጋግሞ እየሮጡ መስመሩን መውቀስ ፍርደ ገምድልነት ነው።

መውጫው ይታወቃል። አንዱ ኳርተርባኩን ሒሳቡ ውስጥ ማስገባት ነው። ዞን ሪድ በሚባለው አጨዋወት አንድ ተከላካይ ሆን ተብሎ ሳይያዝ ይተዋል። ኳርተርባኩ ያየዋል፤ ወደ ራኒንግ ባኩ ከሄደ ኳሱን ይዞ ራሱ ይሮጣል፣ ከቆመ ይሰጣል። ሌላው መውጫ ተጨማሪ ሰው ማስገባት ነው። ሚሺጋን ኖቬምበር 11 ቀን 2023 ፔን ስቴት ሜዳ ሄዶ ያደረገው ይህንን ነው። ታይት ኤንድ እየጨመረ በሁለተኛው አጋማሽ በይፋ የተመዘገበ አንድም ፓስ ሳይወረውር 24 ለ 15 አሸነፈ። ሩጫ እንደሚመጣ ሁሉም ያውቅ ነበር። የሚሺጋን መስመር በ2021 እና በ2022 በተከታታይ የጆ ሙር ሽልማትን የወሰደ መሆኑን ያስታወሰ አይገረምም።

አምስቱን በየሳምንቱ መቀያየር

አንድ ጨዋታ ሲበላሽ ጋርዱ ወደ ታክል፣ ታክሉ ወደ ተጠባባቂ ወንበር ይሄዳል። ከላይ የነገርኳችሁ የሁለት ለአንድ አያያዝ ግን አጠገብህ ያለውን ሰው በማወቅ ላይ የቆመ ነው፤ መቼ እንደሚላቀቅ፣ ትከሻውን እንዴት እንደሚያዞር። ከ2018 ጀምሮ ባለው፣ ተጫዋቾች ኮሌጅ በሚቀይሩበት የዝውውር ፖርታል ምክንያት ቡድኖች በየዓመቱ ሁለት ሦስት አዲስ ላይንማን ይዘው ይጀምራሉ። ሴፕቴምበር ላይ ሩጫው የማይሄድ ቡድን ኖቬምበር ላይ የሚሄድለት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። አሰልጣኙ አምስቱን ቶሎ ወስኖ ቢተዋቸው ይሻላል። ጉዳት ከመጣም ከአምስቱ ሦስቱን ከማዘዋወር ተጠባባቂውን በጎደለው ቦታ ብቻ ማስገባት።

የሩጫ ቁጥርን በጥሬው ማንበብ

ይህ የእኛ የተመልካቾች ስህተት ነው። በኮሌጅ ፉትቦል ኳርተርባኩ ሳክ ሲደረግ፣ ማለትም ኳሱን ሳይወረውር ከመስመሩ ኋላ ሲያዝ፣ የጠፋው ያርድ ከሩጫ ላይ ይቀነሳል። በኤንኤፍኤል ከፓስ ላይ ነው የሚቀነሰው።

ራኒንግ ባኮቹ 30 ጊዜ ሮጠው 150 ያርድ አገኙ እንበል፤ በአንድ ሩጫ 5 ያርድ፣ ጥሩ ነው። ኳርተርባኩ ደግሞ 5 ጊዜ ተይዞ 35 ያርድ አጣ። መዝገቡ ላይ የሚወጣው 35 ሩጫ፣ 115 ያርድ ይሆናል፤ በአንድ ሩጫ 3.3። ቁጥሩን ያየ ሁሉ "ሩጫ አይችሉም" ይላል። የዚህ ቡድን ሕመም ያለው ፓስ ጥበቃው ላይ ነው፤ አሰልጣኙ በዚህ ቁጥር ተደናግጦ የሩጫ ልምምዱን ከለወጠው ደህና የነበረውንም ያበላሸዋል።