ስለ እርዳታ፣ ስለ አጎዋና ስለ ማዕቀብ ስንከራከር የማይለቁን ስህተቶች

ደሴ ላይ ቡና ከተፈላ ወሬው ዋሽንግተን ሳይደርስ አይመለስም። ስንዴው ለምን ቆመ፣ አጎዋ (የአፍሪካ እቃ አሜሪካ ያለቀረጥ የሚገባበት ህግ) ነገሩ ምን ሆነ፣ ያ ማዕቀብ የተባለው የት ደረሰ... ክርክሩ ጥሩ ነው፣ እኔም አልቀርበትም። ችግሩ ግን አብዛኛውን ጊዜ የምንቆጣው ውሳኔውን ባልወሰነው አካል ላይ ነው፣ ፊርማ የምናሰባስበውም ህግ ሊሆን ለማይችል ወረቀት፣ የኛው ምክር ቤት ላይ ሲደርስ ደሞ ጭራሽ መጠየቁንም ትተነዋል። ስለዚህ ፖስትና ሼር ከማድረጋችሁ በፊት እስቲ እነዚህን እዩልኝ።

"አሜሪካ ከለከለች" ብሎ ማለፍ

ማናት አሜሪካ? ህገ መንግስታቸው ብሩን ለኮንግረስ ነው የሰጠው፣ ኮንግረስ በህግ ካልመደበ ከግምጃ ቤት ምንም አይወጣም ይላል። ፕሬዝዳንቱ ያስፈፅማል። ኮንግረሱ ራሱ ሁለት ቤት ነው፣ በየቤቱ ደሞ ስራውን የተከፋፈለ ኮሚቴ አለ፣ የውጭ ጉዳዩ ሌላ፣ በጀት የሚመድበው ሌላ፣ ንግድን የያዘው ሌላ። ስለ አጎዋ ለውጭ ጉዳይ ኮሚቴ አባል ደብዳቤ የሚፅፍ ሰው ድካሙ ግማሽ በግማሽ ከንቱ ነው፣ የንግድ ጉዳይ በሴኔት የፋይናንስ ኮሚቴው ነው የሚያየው።

ማዕቀቡን እንውሰድ። ባይደን እ.ኤ.አ. መስከረም 17 ቀን 2021 በሰሜኑ ጦርነት የተነሳ ማዕቀብ የሚፈቅደውን ትእዛዝ ቁጥር 14046ን ሲፈርሙ ኮንግረስ ድምፅ አልሰጠበትም። ግን ስልጣኑን ከየት አመጡት ካላችሁ ኮንግረስ ራሱ እ.ኤ.አ. በ1977 ካወጣው ህግ ነው። እንዲህ አይነት ትእዛዝ በየአመቱ ካልታደሰ ደሞ ያበቃለታል፣ ስለዚህ የት ደረሰ የሚል ሰው ወሬ ከሚጠብቅ በነሱ መስከረም ላይ ታደሰ ወይ ብሎ ማየት ነው ያለበት።

ወረቀቱን ሳያዩ መጨፈር (ወይም መደንገጥ)

ይሄኛው ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም አስር አመት ሙሉ እየደጋገምነው ነው።

እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 10 ቀን 2018 የተወካዮች ምክር ቤታቸው ስለኛ ሰብአዊ መብት አንድ ወረቀት አፀደቀ፣ እኛ ሰፈር "ኤች አር 128 ፀደቀ፣ ህግ ሆነ" ተብሎ አንዱ ጨፈረ አንዱ ተሳደበ። ነገሩ ግን ኤች አር ሳይሆን "ኤች ሬስ" 128 ነበር። ልዩነቱ የሁለት ፊደል ይመስላል እንጂ ሰማይና ምድር ነው። ኤች አር ማለት ህግ ለመሆን የተነሳ ረቂቅ ነው፣ ኤች ሬስ ግን የአንዱ ቤት የአቋም መግለጫ ነው፣ ሴኔት አያየውም፣ ፕሬዝዳንቱ አይፈርምበትም፣ ማንንም አያስገድድም። ዋጋ የለውም እያልኩ አይደለም፣ አንድ መንግስት ላይ ጫና ይፈጥራል፣ ዲፕሎማቱ ስብሰባ ላይ ጠቅሶ ያነሳዋል። ግን ህግ አይደለም፣ በቃ።

ኤች አር የሆነውም ቢሆን ገና መንገድ ላይ ያለ ነው። ስለኛ ዴሞክራሲ የተረቀቀው ኤች አር 2003 እ.ኤ.አ. ጥቅምት 2 ቀን 2007 በተወካዮቹ ቤት አለፈ፣ ያኔ ዲያስፖራው ምን ያህል እንደሮጠ የሚያስታውስ ያስታውሳል፣ ሴኔት ሳያፀድቀው ቀረና ሞተ። ማዕቀብ ይጣልብን የሚለው ኤች አር 6600 ደሞ እ.ኤ.አ. በየካቲት 2022 ሲቀርብ ፌስቡክ ላይ ፕሮፋሉን ያልቀየረ ማን ነበር? እሱም የሴኔቱ ኤስ 3199ም ህግ ሳይሆኑ የዛ ኮንግረስ ዘመን እ.ኤ.አ. በጥር 2023 አለቀ፣ ዘመኑ ሲያልቅ ያላለቀ ረቂቅ ሁሉ አብሮ ያልቃል፣ ቀጣዩ ኮንግረስ ከፈለገ ከዜሮ ነው የሚጀምረው። አሁን ድረስ ግን "በኤች አር 6600 መሰረት" ብሎ የሚፅፍ አለ ወላሂ።

ማጣራቱ ከባድ አይደለም። የኮንግረሱ የራሱ ድረገፅ ላይ የረቂቁን ቁጥር ስትፅፉ ከላይ አንድ መስመር ታያላችሁ፣ ቀረበ፣ በተወካዮች አለፈ፣ በሴኔት አለፈ፣ ለፕሬዝዳንቱ ተላከ፣ ህግ ሆነ እያለ ደረጃውን ያሳያል። አብዛኛው እኛ የምንጮህለት ወረቀት የመጀመሪያዋ ደረጃ ላይ ቆሞ ነው የምታገኙት። ስክሪንሾት ማንሳት ካለባችሁ እሷን መስመር አንሱ።

አጎዋን እርዳታ ማለት

አጎዋ ብር አይሰጥም። እቃችሁ ያለቀረጥ ይግባ የሚል የንግድ ህግ ነው፣ ኮንግረስ እ.ኤ.አ. በ2000 አወጣው፣ በ2015 ደሞ እስከ መስከረም 30 ቀን 2025 አራዘመው። እዚህ ጋ ሁለት ውሳኔ ነው ያለው፣ ህጉ ይኑር አይኑር የሚለው የኮንግረስ ነው፣ የትኛው ሀገር ይግባ የትኛው ይውጣ የሚለው ግን ኮንግረስ የፃፈውን መስፈርት ይዞ ፕሬዝዳንቱ ነው በየአመቱ እያየ የሚወስነው። እኛን ያስወጡን ባይደን ናቸው እንጂ የኮንግረስ ድምፅ አይደለም።

ህጉ ሀገር ከማስወጣትህ ከ60 ቀን በፊት ለኮንግረስና ለሀገሩ አሳውቅ ይላል። ባይደን ያሳወቁት እ.ኤ.አ. ህዳር 2 ቀን 2021 ነው፣ መውጣቱ የፀናው ጥር 1 ቀን 2022፣ ቁጠሩት ልክ 60 ነው። ህዳር 2 ማለት በኛ ጥቅምት 23 ቀን 2014 መሆኑ ነው፣ ደሴና ኮምቦልቻ ከእጅ በወጡ በቀናት ውስጥ፣ አዲስ አበባ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ባወጀችበት በዛው እለት። ሐምሌ 2009 የተመረቀው የኮምቦልቻ ፓርክ ልብስ ሰፍቶ ኤክስፖርት እንዲያደርግ የታሰበ ነበር፣ ጦርነቱ ዘረፈው፣ ገበያውን ደሞ ደብዳቤው ዘጋው። ያኔ ሰው ሁሉ የተቆጣው ኮንግረስ ላይ ነበር። ኮንግረስን መጠየቅ የሚገባን መስፈርቱ የፋብሪካ ሰራተኛን እንዳይቀጣ አርጎ ስላልፃፈው ነው፣ ይሄን ጥያቄ ደሞ እዛም አንስተው የተከራከሩ አሉ።

የተመደበን ብር እንደደረሰ ብር መቁጠር

የአሜሪካው የእርዳታ መስሪያ ቤት ዩኤስኤአይዲ የቆመ ሰሞን አንድ ሐጂ "ልጄ፣ ብሩን የመደበው ኮንግረስ ከሆነ ሰውየው እንዴት አድርጎ ያቆመዋል?" አሉኝ። ጥያቄው ከብዙ ተንታኝ የተሻለ ነው። "ሐጂ፣ የቅሬዎን ነገር ያስቡት" አልኳቸው (ቅሬ የኛ እድር ነው)። ቅሬው ተሰብስቦ ድንኳን ይገዛ ሲል ገና ብር አልወጣም። ለድንኳኑ ይሄን ያህል ይውጣ ብሎ ሲያፀድቅ ሁለተኛ ውሳኔ ነው። ከዛ ገንዘብ ያዡ እኔ ድንኳኑን አልወደድኩትም ብሩን አልሰጥም ቢልስ? "ኧረ ይሄማ ጥጋብ ነው" አሉ።

እዛም እንደዛ ብለው ነው እ.ኤ.አ. በ1974 ህግ ያወጡት። ፕሬዝዳንቱ የተመደበው ይሰረዝልኝ ብሎ መጠየቅ ይችላል፣ ኮንግረስ በ45 ቀን ውስጥ ካላፀደቀለት ግን ብሩ ይለቀቃል። እ.ኤ.አ. በ2025 የሆነውን እዩት እንግዲህ፣ ጥር 20 ቀን ትራምፕ ስልጣን በያዙበት እለት የውጭ እርዳታ ለ90 ቀን ቆመ፣ ሐምሌ ላይ ኮንግረሱ ራሱ ወደ 9 ቢሊዮን ዶላር ስረዛ አፀደቀ፣ ከሱ ውስጥ ወደ 8 ቢሊዮኑ የውጭ እርዳታ ነው። ይሄኛው ቢያንስ በህጉ መንገድ ሄዷል። ነሐሴ መጨረሻ ላይ ግን ሌላ 4.9 ቢሊዮን ይሰረዝ ብለው ላኩ፣ የበጀት አመታቸው መስከረም 30 ያልቃል፣ 45 ቀኑ ሳይሞላ አመቱ አለቀ ማለት ነው፣ ብሩም አብሮ ይሞታል። የኮንግረሱ ኦዲት መስሪያ ቤት ይሄ ህገወጥ ነው ብሎ ነበር፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ግን መስከረም 26 ቀን ለጊዜው ይያዝ አለ። ስለዚህ "ኮንግረስ ይሄን ያህል ሚሊዮን መደበልን" የሚል ዜና ስታዩ አትቸኩሉ፣ ጥያቄው ተለቀቀ ወይ ነው።

እርዳታ ሁሉ አንድ ነው ማለት

የወሎ ሰው ይሄን ሊሳሳት አይገባውም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1979 አሜሪካ ለደርግ የልማት እርዳታ አቋረጠች፣ አንዱ ምክንያት የኩባንያዎቿን ንብረት ወርሶ ካሳ ላልከፈለ መንግስት እርዳታ አይሰጥም የሚል በ1962 ኮንግረስ ያስገባው ድንጋጌ ነው። ግን በሰባ ሰባቱ ድርቅ ስንዴው ኮረም ድረስ መጥቷል። እንዴት? የነፍስ አድን ምግብ በሌላ ህግ በሌላ ቋት ስለሚሄድ ነው፣ ኮንግረሱም እ.ኤ.አ. በ1985 ለአፍሪካ ድርቅ ተጨማሪ በጀት አፅድቆ ነበር። መንገድ የሚሰራበት ብርና ህፃን የሚመገብበት ስንዴ አንድ በር አይወጡም።

በኛ አቆጣጠር የ2015ቱ የምግብ እርዳታ መቋረጥም እንዲሁ ነው። ሰኔ 1 ቀን ዩኤስኤአይዲ በመላ ሀገሪቱ አቆምኩ ያለው እህሉ ከተረጂው እጅ ወጥቶ ገበያ ላይ ስለተገኘ ነው፣ የኮንግረስ ድምፅ የለበትም፣ መስሪያ ቤቱ ራሱ ነው የወሰነው፣ ከስድስት ወር ገደማ በኋላ ነው የተመለሰው። ሌባው ሰርቆ ቅጣቱን የበላው ካርድ ይዞ የተሰለፈው ሰው ነው። ቁጥጥር ስንል እንዲህ አይነቱንም ይጨምራል፣ እህሉን መከታተል ያለበት አካል ሳይከታተል ቆይቶ ሁሉንም ማቆም ቁጥጥር ነው ብዬ አላምንም እኔ በበኩሌ።

በነሱ መስሪያ ቤቶች ውስጥ ዋና ኢንስፔክተር የሚባል ተቆጣጣሪ አለ፣ ሪፖርቱ ለኮንግረስም ይሄዳል። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2025 የዩኤስኤአይዲው ኢንስፔክተር በእርዳታው መቆም የተነሳ 489 ሚሊዮን ዶላር የሚያወጣ ምግብ ሊበላሽ ይችላል ብለው ሪፖርት አወጡ፣ በማግስቱ ተባረሩ።

የጦር መሳሪያ ሽያጭን በተመለከተ አጭር ነው። እ.ኤ.አ. በ1976 ህግ መሰረት ከፍ ያለ ሽያጭ ለኮንግረስ ይነገራል፣ ለብዙው ሀገር 30 ቀን ይሰጣል፣ ለማገድ ግን ሁለቱም ቤት ማለፍ አለበት፣ ፕሬዝዳንቱ ውድቅ ካደረገው ደሞ ሁለት ሶስተኛ ድምፅ ይፈልጋል። በ2019 የሳኡዲውን ለማገድ ሁለቱም ቤት ተስማምቶ ትራምፕ ውድቅ አደረጉት፣ ሴኔት መገልበጥ አቃተው። "ኮንግረስ ተቃወመ" ማለት ቆመ ማለት አይደለም።

የሰው ፓርላማ እያዩ የራስን መርሳት

ኤች አር 6600ን በቁጥሩ የሚያውቅ ልጅ የኛ ህገ መንግስት አንቀፅ 55 ምን እንደሚል ሲጠየቅ ዝም ይላል። በጀት የሚያፀድቀው፣ አስፈፃሚው የፈረመውን አለም አቀፍ ስምምነት የሚያፀድቀው፣ ጠቅላይ ሚኒስትሩን ጠርቶ የመጠየቅ ስልጣን ያለው የኛው የተወካዮች ምክር ቤት ነው። የውጭ ብድር በአዋጅ እዛ ነው የሚያልፈው። የአለም ባንክ ብድር ሲፀድቅ "ከወለድ ነፃ፣ የ6 አመት የእፎይታ ጊዜን ጨምሮ በ38 አመት የሚከፈል፣ 0.75 በመቶ የአገልግሎት ክፍያ" ሲባል ሰምታችሁ ቻናል ቀይራችኋል አይደል? እዳውን ዛሬ ሐይቅ አንደኛ ክፍል የገባው ልጅ ሽበት እስኪያወጣ ነው የሚከፍለው። ጥሩ ጥያቄ የሚሆነው ለምን ተበደርን ብቻ ሳይሆን ያለፈው ብድር ስራው የት ደረሰ የሚለው ነው።

ዋና ኦዲተሩም ተጠሪነቱ ለምክር ቤቱ ነው። የኦዲት ግኝት ሲወጣ ሰው "ይሄን ያህል ቢሊዮን ተበላ" ይላል፣ ይሄም ስህተት ነው። ያልተወራረደ ሂሳብ ማለት ወጥቶ ሰነድ ያልቀረበበት ነው፣ ተሰርቆ ሊሆን ይችላል፣ ደረሰኙ መሳቢያ ውስጥ ተረስቶም ሊሆን ይችላል። ተሰረቀ ካላችሁ አንድ መልስ ይበቃቸዋል፣ ማስረጃ አምጡ። አመቱ አልፎ ለምን አልተወራረደም ካላችሁ ግን መልስ የለም።

የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ላይም 48 ሰአትና 15 ቀን እናምታታለን። አንቀፅ 93 ምክር ቤቱ ስራ ላይ ከሆነ በ48 ሰአት፣ እረፍት ላይ ከሆነ በ15 ቀን ይቅረብለት ይላል፣ የሚፀናውም በሁለት ሶስተኛ ድምፅ ነው። የ2014ቱ ጥቅምት 23 ታውጆ ጥቅምት 25 ፀደቀ። የ2015ቱ፣ የኛው የአማራ ክልል ማለት ነው፣ ሐምሌ 28 ታውጆ ነሐሴ 8 የፀደቀው ምክር ቤቱ እረፍት ላይ ስለነበረ ነው። በቀኑ ሳይሆን በይዘቱ መከራከር ይቻል ነበር፣ የትኛው መብት ለምን ያህል ጊዜ ተገደበ፣ መርማሪ ቦርዱ ምን አገኘ እያሉ።

ጊዜውን አለማወቅ

የምክር ቤታችን አመታዊ ስራ በመስከረም የመጨረሻ ሳምንት ሰኞ ጀምሮ ሰኔ 30 ያበቃል፣ መሀል ላይ የአንድ ወር እረፍት አለ። በጀት አመቱ ሐምሌ 1 ይጀምራል፣ ስለዚህ ረቂቅ በጀቱ ላይ የሚወያዩት ከዛ በፊት ነው። የወረዳችሁን ተወካይ የሴፍቲኔቱ ብር ምን ሊሆን ነው ብላችሁ የምትይዙት ግንቦት ላይ ነው፣ ሐምሌ ላይ ስትደውሉ ሰውየው በጀቱን አፅድቆ ሀገሩ ገብቷል።