ለፈረስ የሚሆን ድርቆሽ እንዴት ይመረጣል? እንዴትስ ይሰጣል?

ፈረስ ሲከሳ ወይም ሲያስል ብዙ ሰው ቶሎ የሚያስበው እህልና መድኃኒት ነው። እኔ ግን መጀመሪያ ድርቆሹ ይታይ ባይ ነኝ። የፈረስ ዋናው ምግብ እሱ ነውና።

ሳትገዙ በፊት አንዱን እስር አስፈትታችሁ እዩ። የውጩ ቀለም ያታልላል። ፀሐይ የመታው ጎን ቢገረጣ ችግር የለውም፤ ውስጡ አረንጓዴ ይሁን እንጂ። እጃችሁን እስከ መሃሉ ድረስ አስገቡ። ሞቅ ወይም ራስ ካለ ተዉት፤ በደንብ ሳይደርቅ ታስሯል ማለት ነው። እንዲህ ያለው ድርቆሽ ይሻግታል። ብዙ ሆኖ ሲከመርም ውስጥ ውስጡን ግሎ በራሱ ሊቀጣጠል ይችላል።

ቀጥሎ አንድ ጭብጥ ያዙና ጨመቅ አድርጉት። እጃችሁን ከወጋ፣ አገዳው ከወፈረና ቅጠሉ ካነሰ፣ ሣሩ አርጅቶ የታጨደ ነው። ሆድ ይሞላል፣ ጉልበት ግን አይሆንም። ከዚያ አሽትቱት። ጥሩ ድርቆሽ የሣር ሽታው ደስ ይላል። ሻጋታ ሻጋታ ከሸተተ ወይም ሲራገፍ ነጭ ብናኝ ከተነሳበት፣ በነፃ ቢሰጧችሁም አትውሰዱ። ፈረስ ማስመለስ አይችልም። የበላው ሁሉ ሆዱ ውስጥ ይቀራል፤ ብናኙ ደግሞ ሳንባውን ይጎዳል። የሞተ አይጥ ወይም ወፍ የተገኘበት እስርም ሙሉ በሙሉ ይጣል፤ ገዳይ መርዝ ሊኖረው ይችላል።

ዓይነቱ እንደ ፈረሱ ነው። ሥራ ለማይበዛበት የሣር ድርቆሽ ይበቃዋል። አልፋልፋ የሚባለው የመኖ ተክል ድርቆሽ ደግሞ ፕሮቲንና ካልሲየም ስለሚበዛበት ለምታጠባ ባዝራ ይስማማል።

መጠኑን በዓይን አትገምቱ፣ መዝኑት። ፈረስ በቀን ከክብደቱ ከ1.5 እስከ 2 በመቶ ያህል ድርቆሽ ያስፈልገዋል። 400 ኪሎ ለሚመዝን ከ6 እስከ 8 ኪሎ ማለት ነው።

ይህን ጠዋትና ማታ ብቻ መስጠት ግን አይበቃም። የፈረስ ጨጓራ ምግብ ኖረም አልኖረም አሲድ ሲያመነጭ ይውላል፣ ያድራል። ለብዙ ሰዓት ባዶ ከሆነ ይቆስላል። ስለዚህ በቀን ሦስት አራት ጊዜ ከፋፍሉት። ሌሊቱ ረጅም ስለሆነ የማታው ድርሻ በዛ ይበል።

መሬት ላይ ቢቀርብለት ይመረጣል። አንገቱን ደፍቶ ሲበላ የገባበት አቧራ በአፍንጫው ተመልሶ ይወርዳል። መሬቱ አሸዋማ ከሆነ ግን የጎማ ምንጣፍ አንጥፉለት፤ አሸዋ ሆድ ውስጥ ሲጠራቀም ቁርጠት ያመጣል። ለሚያስል ፈረስ ድርቆሹን ግማሽ ሰዓት ያህል ውሃ ውስጥ ነክራችሁ፣ አጠንፍፋችሁ ስጡት። ንጹህ ውሃ ምንጊዜም አጠገቡ ይኑር። ደረቅ ምግብ ያለ ውሃ አይሄድም።

ድርቆሽ ስትቀይሩ አትቸኩሉ። አንጀቱ ውስጥ ሆነው ሣሩን የሚፈጩለት ረቂቅ ተሕዋስያን አዲሱን እስኪለምዱ ጊዜ ይፈልጋሉ። ከአሮጌው ጋር እየቀላቀላችሁ፣ የአዲሱን ድርሻ በ10 ቀን ውስጥ ቀስ በቀስ ጨምሩ።

ሲበላም እዩት። ያኘከውን ድርቆሽ ድብልብል አድርጎ ከአፉ የሚጥል ከሆነ፣ ድርቆሽ ከመቀየራችሁ በፊት የእንስሳት ሐኪም ጥርሱን ይይለት።