ድንጋይ ላይ የተለጠፈው ለስላሳ ኮራል ስሙ ሲጠፋችሁ

ከአዳማ ጅቡቲ የምትመላለሱ ልጆች ሙሻ ደሴት ጋ ስኖርክል እያደረጋችሁ ያነሳችሁትን ፎቶ ትልኩና "ይሄ ቢጫ ነገር ምንድነው" ትላላችሁ፣ በተለይ ቅርንጫፍ የሌለውና ድንጋዩ ላይ ዝርግ ብሎ የሚያድገው ሁሉንም ሰው ነው የሚያምታታው። በከለር ስም አትስጡ ባካችሁ። ኮራል ፖሊፕ የሚባሉ አበባ መሳይ ትንንሽ እንስሳት ስብስብ ነው፣ መጀመሪያ የፖሊፑን እጅ ቁጠሩ፣ ከዛ ፖሊፖቹ ከስር በምን እንደተያያዙ እዩ።

ስትቆጥሩ ከስምንት በለጠ? እንግዲያው ለስላሳ ኮራል አይደለም። የለስላሳ ኮራል ፖሊፕ እጁ ስምንት ነው፣ እያንዳንዱም ግራና ቀኝ ደቃቅ ጥርሶች አሉት። እጆቹ ልሙጥ ሆነው ብዙ ከሆኑና ዳር ዳሩን ከከበቡት ዞአንቲድ የሚባለው የኮራል ዘመድ ሳይሆን አይቀርም። እሱን አትንኩት፣ አንዳንዱ ፓሊቶክሲን የሚባል ከባድ መርዝ አለው፣ ቆርሼ ላሳያችሁ የሚል ጀግና አንፈልግም።

ፖሊፕ ጭራሽ አይታይም? ተዘግቶ ይሆናላ። ብሪያሪየም የሚባለው ለስላሳ ኮራል ሲነኩት ፖሊፑን ሙሉ በሙሉ ወደ ውስጥ ይከትና ሐምራዊ ልጣፍ ብቻ ይቀራል፣ ሰውም ስፖንጅ (ድንጋይ ላይ የሚለጠፍ ሌላ የባህር እንስሳ) ነው ብሎ ያልፈዋል። ስፖንጅ ላይ ግን ውሃ የሚወጣበት ክፍት ቀዳዳ ይታያል፣ የተዘጋው ኮራል ላይ ያሉት ትንንሽ እብጠቶች ናቸው። ራቅ ብላችሁ ጠብቁት፣ ሲከፈት ድገሙና አንሱት። አንቴሊያና ዜኒያ የሚባሉት ለስላሳ ኮራሎች ደግሞ ፖሊፓቸውን እንደዛ አይከቱም፣ ስለዚህ ጥልቅ ብሎ የሚጠፋ ከሆነ እነሱን ከግምት አውጧቸው።

"ክላቩላሪያ ነው ሪቲስማ?" ሁለቱም ድንጋይ ላይ ዝርግ የሚሉ ለስላሳ ኮራሎች ናቸው፣ እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው፣ መልሱ ያለው ደግሞ ከስር ነው። ክላቩላሪያ እንደ ሰርዶ ነው፣ ቀጭን ሐረጉን ድንጋዩ ላይ ይሰድና ፖሊፑ እዚህም እዚያም ከሱ ላይ ይነሳል፣ በመሃል ባዶ ድንጋይ ታያላችሁ። ሲቆይ ግን ተደራርቦ ድንጋዩን ሊሸፍነው ስለሚችል መሃሉን ተዉትና አዲስ እያደገ ያለውን ጠርዝ አጉሉት። ከፖሊፑ ስር ቀይ ደረቅ ቱቦ ካያችሁ ግን ቱቢፖራ ነው፣ ባህር ዳር ወድቆ ብታገኙትም ቦርሳ ውስጥ አትክተቱት፣ ሳይተስ የሚባለው የዱር እንስሳትና እፅዋት ንግድ ዓለም አቀፍ ስምምነት አባሪ 2 ላይ ስላለ ያለ ፈቃድ ድንበር አይሻገርም። ሪቲስማ ስስ ቆዳ ሆኖ ክፍተት ሳይተው ነው የሚለጠፈው። የቀይ ባህሩ ሪቲስማ ፉልቩም ቢጫም ግራጫም ይሆናል፣ እንግዲህ ከለር አትመኑ ያልኩት ለዚህ ነው። ስሙን ያወጣለት የተፈጥሮ ተመራማሪው ፎርስኮል ነው፣ ሰውዬው የመን ውስጥ በ1763 ሞቶ ስራው የታተመው በ1775 እ.ኤ.አ. ነው።

ቢጫ ሆኖ የነካችሁት ቦታ ካቃጠላችሁ ሚሌፖራ ነው፣ የእሳት ኮራል የሚሉት። ደረቅ ነው፣ ጫፉ ነጣ ይላል፣ ባለ ስምንት እጅ አበባ የለውም። በባህር ውሃ አለቅልቁት፣ አትሹት፣ እብጠቱ ከበዛ ወይ መተንፈስ ካስቸገረ ሐኪም ጋ ነው።

አምና ዝርግ የነበረው ዘንድሮ ጣት ጣት ካወጣ አትደንግጡ፣ ሲኑላሪያ የሚባለው ለስላሳ ኮራል ገና ልጅ ሳለ እንደዛ ዝርግ ሊሆን ይችላል፣ ከላይ ብቻ ሳይሆን ከጎንም አንሱት። ሁሉም ነገር ሰማያዊ ከሆነባችሁ ደግሞ ውሃው ቀዩን ብርሃን ቀድሞ ስለሚውጠው ነው፣ ባትሪ ይዛችሁ ቀረብ በሉ።

ሁሉን አድርጋችሁም የዝርያ ስሙ ካልመጣ ፎቶ ብዙ ጊዜ ከጂነስ (ከዝርያ በላይ ካለው የቡድን ስም) አያሳልፍም፣ "ብሪያሪየም" ብላችሁ ማቆም ነው። ከዛ በላይ የሚለየው ስጋው ውስጥ ያለው ስክለራይት የሚባል ደቃቅ የኖራ ስባሪ ነው። በፈቃድ የተወሰደ ቁራሽ ካለና የባዮሎጂ ላብ ውስጥ የምታውቁት ሰው ካለ በረኪና ውስጥ ይጨምሩታል፣ ስጋው ይሟሟል፣ የቀረችውን ደቃቅ ዱቄት አጥበው በማይክሮስኮፕ ቅርጿን ያያሉ።