የፈነዳ የሆድ ደም ቅዳ እብጠትን እንዴት መድበን እንመዝግብ?

ከመንዝ ወይም ከመርሐ ቤቴ ደብረ ብርሃን ድረስ የመጣ ታካሚ ሪፈር ወረቀቱ ላይ «የሆድ ሕመም» ብቻ ከተጻፈ፣ ተረኛው ሐኪም ሁሉንም ከዜሮ ይጀምራል። ውስጡ ደም ለሚፈሰው ሰው ደግሞ ጊዜ የለም። ሪፈር የምትጽፉም፣ መዝገብ የምትሞሉም፣ እንዲሁ ማወቅ የምትፈልጉም እንዲህ አድርጉት።

መጀመሪያ አምቡላንስ ይጠራ። በወረቀት ምክንያት ማንም አይዘግይ።

ቀጥሎ ስፋቱ። ሆድ ውስጥ የሚወርደው ዋናው ደም ቅዳ፣ አኦርታ፣ በጤናማ ሰው ስፋቱ ወደ 2 ሴንቲ ሜትር ነው፤ 3 ከደረሰ አኑሪዝም፣ ማለትም የደም ቅዳ እብጠት ነው። ከውጭ ግድግዳ እስከ ውጭ ግድግዳ ለኩ። ከኩላሊት ደም ቅዳዎች በላይ ይሁን በታችም ጻፉ።

ራስ የሚያዞረው መመደቡ ነው። ብዙ ሰው እብጠትና ሕመም አንድ ላይ ካየ «ፈንድቷል» ብሎ ይዘጋዋል። ኧረ ቆይ! እብጠት ኖሮበት ምንም የማይሰማው ሰው አለ። የሚያመው፣ ሲነካም የሚብስበት፣ ግን ደሙ ከግድግዳው ያልወጣም አለ፤ ይሄኛው አስቸኳይ ነው፣ ግን አልፈነዳም። ፈነዳ የሚባለው ደም ከግድግዳው ውጭ ሲገኝ ብቻ ነው። እሱም ወይ ከሆድ ዕቃው ጀርባ ታፍኖ ይቆያል፣ ወይ ሆድ ውስጥ በነፃ ይፈሳል፤ የትኛው እንደሆነ ይጻፍ። የታፈነው አታላይ ነው። የደም ግፊቱ ደህና ሊመስል፣ ታካሚውም ቁጭ ብሎ ሊያወራ ይችላል፤ ሕመሙ ወደ ጎንና ወደ ብሽሽት ሲሄድ ደግሞ «የኩላሊት ጠጠር» ተብሎ ማስታገሻ ይዞ ቤቱ የሚመለስ አለ። ከ60 ዓመት በላይ የሆነ፣ በተለይ ሲጋራ የሚያጨስ ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ ጠጠር ያዘው ሲባል እኔ አልትራሳውንድ ሳይታይ አላምንም። አልትራሳውንድ እብጠቱን ጥሩ አድርጎ ያሳያል፤ መፍሰሱን ግን ሊያመልጠው ይችላል፣ ለዚያ ሲቲ ስካን ነው። ሲቲ ከሌለ «ተጠርጥሯል» ብላችሁ ጻፉ፣ ምንም ነውር የለውም።

በአይሲዲ 10፣ ማለትም በዓለም አቀፉ የበሽታዎች መመደቢያ ኮድ፣ የፈነዳው አይ71.3 (I71.3)፣ ያልፈነዳው አይ71.4 (I71.4) ነው። የሚያመው ግን ያልፈነዳው 71.4 ውስጥ ይገባል። ከፈነዳው ጋር ከቀላቀላችሁት ፈንድቶባቸው የሚሞቱት ሰዎች መጠን ከእውነቱ ያነሰ ይመስላል። ኦፕራሲዮን ሳይደርስ የሞተውንም አትዝለሉት።

ዝቅተኛውን የደም ግፊትና ራሱን ስቶ እንደነበር ጨምሩ። ሰዓት ስትጽፉ ደግሞ የሐበሻ ወይስ የፈረንጅ መሆኑን ግለጹ፤ ሲቲው 21:00 ብሎ ያትማል፣ ሪፈሩ ማታ 3:00 ይላል፣ ሁለቱ ያው ናቸው። «ማታ» የምትለዋ ከተረሳች ግን መዝገቡን የሚያጣራው ሰው የፈረንጅ 3:00 መስሎት ሌሊት 9 ሰዓት ብሎ ይቆጥረዋል።