«ፑት ኦፍ» የሚለውን የእንግሊዝኛ ጥምር ግስ ሲጠቀሙ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

«ፑት» ብቻውን ሲቆም ማስቀመጥ ማለት ቢሆንም፣ «ኦፍ» ሲከተለው ጥምረቱ አብዛኛውን ጊዜ አንድን ጉዳይ ለሌላ ጊዜ ማስተላለፍን ያመለክታል።

ብዙ መዘዝ የሚያስከትለው ስህተት ይህን ግስ ከ«ኮል ኦፍ» ጋር ማምታታት ነው። ስብሰባው «ፑት ኦፍ» እንደተደረገ የተነገረው ሰው አዲሱን ቀን ይጠይቃል፤ «ኮል ኦፍ» እንደተደረገ የተነገረው ግን ስብሰባው ስለተሰረዘ የሚጠብቀው ቀን የለም። አዲሱን ቀን ለመግለጽ «አንቲል» (እስከ) የሚለውን ቃል ማስከተል የተለመደ ነው።

ሌላው ስህተት የቃላት ቅደም ተከተል ነው። «ፑት ኦፍ ዘ ሚቲንግ» ማለትም ሆነ «ፑት ዘ ሚቲንግ ኦፍ» ማለት ትክክል ነው፤ ተሳቢው ተውላጠ ስም ከሆነ ግን መሃል መግባት ስላለበት «ፑት ኢት ኦፍ» እንጂ «ፑት ኦፍ ኢት» አይባልም። ተሳቢው ረጅም ሐረግ ሲሆን ደግሞ ሁለቱ ቃላት እንዳይራራቁ ሐረጉን ከ«ኦፍ» በኋላ ማድረግ ይመረጣል።

ዛሬ ነገ እያለ የጥርስ ሐኪም ዘንድ ሳይሄድ ስለቆየ ሰው ስንጽፍ «ሂ ፑት ኦፍ ጎይንግ ቱ ዘ ዴንቲስት» እንላለን። እንደ «ዲሳይድ» እና «ዋንት» ያሉ ግሶች «ቱ»ን ስለሚያስከትሉ ብዙ ተማሪዎች እዚህም «ፑት ኦፍ ቱ ጎ» ብለው ይጽፋሉ፤ ይህ ግስ ግን ከኋላው የሚመጣው ግስ በ«ኢንግ» እንዲያልቅ ይፈልጋል። «ፑት» በኃላፊ ጊዜም ስለማይለወጥ «ፑትድ» ማለት አያስፈልግም።

ግሱ ማስተላለፍ ብቻ ነው ብሎ መደምደም፣ በእኔ እምነት፣ ከሰዋስው ግድፈት ይልቅ አንባቢን ያሳስታል። «ዘ ስሜል ፑት ሚ ኦፍ ማይ ፉድ» ሲባል ሽታው የተናጋሪውን የምግብ ፍላጎት ዘግቶታል ማለት ነው። «ሂዝ ማነርስ ፑት ኸር ኦፍ» ሲባልም ጠባዩ እሷን አስጠልቷታል እንጂ ቀጠሮዋን አላስተላለፈውም። በአንጻሩ ስለ እንግዳ ወይም ስለ አበዳሪ እየተወራ «ፑት ሂም ኦፍ» ቢባል ሰውየውን በምክንያት ማቆየት ሊሆን ስለሚችል፣ ተሳቢው ሰው በሆነ ቁጥር ዙሪያውን ማንበብ ግድ ነው።

መብራት ለማጥፋት «ፑት ኦፍ ዘ ላይት» የሚሉ ተናጋሪዎች አሉ፤ ሆኖም ዛሬ በብዛት የሚሠራባቸው «ተርን ኦፍ» እና «ስዊች ኦፍ» ናቸው።